ድምፅ መስማት የጀመርኩ ሰሞን

መጀመሪያ የጠፋው እንቅልፌ ነው። ለንደን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ስለማጸዳ የሥራው ጣጣ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ስሜን እያነሱ በአማርኛ ሲያሙኝ መስማት ጀመርኩ። ዞር ስል አንድም ሐበሻ የለም። ስልኬ የተጠለፈ መስሎኝ አጠፋሁት። እማዬ ደውላ ስታጣኝ ለእህቴ ነገረቻት፤ እህቴም ሥራዋን ጥላ መጣች።

አልተከራከረችኝም። «አንቺ የሚሰማሽ ለኔ አይሰማኝም፤ መፍራትሽ ግን ይታየኛል» አለችኝ። ያን ሰሞን ከሰው አፍ ከሰማሁት ሁሉ ያረፍኩበት ቃል ይሄ ነው። ቤታችሁ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ፣ እባካችሁ «ዝም ብለሽ ነው፣ አታስቢው» አትበሉ።

የሰፈር ሐኪሜ (ጂፒ የሚሉት) ወደ ሳይኮሲስ ሕክምና ቡድን ላከኝ። ሳይኮሲስ ሌላው የማይሰማውን መስማት፣ የሌለውን እውነት ነው ብሎ ማመን የሚያመጣ የአእምሮ ሕመም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሕመሙን ገና ሲጀምር የሚከታተል ራሱን የቻለ ቡድን አለ። ለሁሉም ባይሳካም፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ያለው መመሪያ ሕመምተኛው በተላከ በ2 ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲጀምር ይላል። አስተርጓሚ በነጻ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እሱ ነበር፤ ሐበሻ ከሆነ ነገ ቤተ ክርስቲያን ልንገናኝ እንችላለን። እህቴ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው ይሁንልን ብላ ጠየቀች፤ እሺ አሉን። እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ብዙዎቻችን አናውቅም።

ኦላንዛፒን የሚባል የሳይኮሲስ መድኃኒት ታዘዘልኝ። እንቅልፌን መለሰልኝ፤ ግን ይርበኛል፣ ልብሴ ሁሉ ጠበበኝ። ላቆመው እንዳሰብኩ ለነርሷ ነገርኳትና ሐኪሙ በሌላ ቀየረልኝ። በራስ ሥልጣን ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

እማዬ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ላከችልኝ። የንስሐ አባቴ «ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም እንዳታቋርጪ» አሉኝ። እሷም በዚህ ተረጋጋች።

ሥራዬን ወደ ቀን አዞርኩ። ቡና ከቀትር በኋላ አልጠጣም። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጆሮዬ ላይ መዝሙር እከፍታለሁ፤ ድምፁ ሲመጣ እሱን ተከትዬ በልቤ እዘምራለሁ። ሱፐርማርኬት ሰው ሳይበዛ በጠዋት እሄዳለሁ፤ የምገዛውን ጽፌ ነው የምይዘው፣ ሐሳቤ ቢበተን እንኳ ዘይትና ሽንኩርቴን ይዤ እወጣለሁ። ድምፁ ጨርሶ አልተወኝም። ሌሊት ሲብስብኝ እህቴን እቀሰቅሳለሁ። እንግሊዝ ያላችሁና የምትቀሰቅሱት ሰው የሌላችሁ የጤና አገልግሎቱ ስልክ 111 ላይ ደውላችሁ ለአእምሮ ጤና 2ን ተጫኑ፤ ሌሊትም ያነሳሉ። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን 999 ነው።