ክትፎ የጠፋበት ዓርብ

የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት አንድ የምግብ ቤቶች ዝርዝር ነበረው። «አዲስ አበባ ውስጥ የት ብንበላ ይሻላል?» ላለ እንግዳ ሁሉ እሱ ነው የሚላክለት። ዝርዝሩ ያምራል። ፎቶ አለው፣ ኮከብ አለው፣ ከአንድ እስከ ዐሥር ደረጃም ወጥቶለታል። ደረጃውን ማን እንዳወጣው ግን ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው ሚሼሊን ነው እንዳይባል፣ እነሱ አዲስ አበባ መጥተው ኮከብ ሰጥተው አያውቁም።

ሁዳዴ ላይ ስምንት አውሮፓውያን መጡ። የቡድኑ መሪ ዝርዝሩን በደንብ አጥንቶታል። ዓርብ ማታ ክትፎ መብላት ፈለገ፤ ያውም አንደኛ ከተባለው ቤት። ቦታ የሚያስይዘው የቢሯችን ልጅ ቀደም ብሎ ደውሎ ነበር። «ለስምንት ሰው፣ ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት» አለ። እነሱም «እሺ» አሉት። ስለ ክትፎ ያነሳ የለም።

ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ቤቱ ሞቅ ብሏል፣ ሙዚቃው አለ፣ ሞሰቡ ተደርድሯል። መሪው ሜኑውን ሳይገልጥ ክትፎ አዘዘ። አስተናጋጇ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ጾም እኮ ነው። ዛሬ የፍስክ የለንም።»

ነገሩን አስረዳሁት። አልገባውም። «ምግብ ቤት አይደለም እንዴ?» አለ። እውነት ለመናገር፣ በውጭ ሰው ዓይን ሲታይ ግራ ያጋባል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ክትፎ ቤት ጭራሽ ዘግቶ ቀለም ይቀባል፣ ሠራተኛውን እረፍት ያስወጣል። አንዳንዱ ወደ ጾም ምግብ ይዞራል። ትልልቅ ሆቴሎች ግን ሁለቱንም ይሠራሉ፤ የሙስሊም ሥጋ ቤቶችም ክፍት ናቸው። ይህን ሁሉ የከተማው ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ላይ የሚጽፈው የጠፋው።

መሪው «ደረጃ አንድ» የሚለውን ስልኩ ላይ እያሳየኝ ተቆጣ። ያኔ ሾፌራችን ጠጋ አለ። ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው።

«እህቴ፣ በያይነቱ አድርጊላቸው። ሱፍ ፍትፍቱን እንዳትረሺ። ተጋቢኖውን እሳት ላይ እንዳለ አምጪው።»

መጣ። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ መሐሉ ላይ ሱፍ ፍትፍት። ተጋቢኖው እየተንተከተከ ደረሰ። ሰዎቹ ዝም ብለው መብላት ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዲቱ ሥጋ የማትበላ ኖራለች፤ አገራችን ከገባች ጀምሮ እንዲህ ጠግቤ አላውቅም አለች። መሪው ግን እስከ መጨረሻው ፊቱን አልፈታም። በማግስቱ ሆቴሉ ውስጥ ክትፎ አገኘ። ለብለብ አዘዘ፣ ግማሹን ተወው። ቅሬታውንም ለአለቃችን ጽፎ ነው የሄደው።

አለቃችን ልጁን ሊቀጣው አስቦ ነበር። ጋሼ ነው ያስጣለው። «ልጁ ምን አጠፋ? ወረቀቱን እዩት» አለ። ቁጭ ብለን አየነው። ጉድ ነው። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ያለ ቤት ተዘርዝሯል፤ ሰፈሩ በ2016 ፈርሷል። ፈንድቃ የባህል ማዕከል ካዛንቺስ ተብሏል፤ እሱም ከዚያ ተነስቷል። ጣይቱ ሆቴል ደግሞ ለታሪኩ ብቻ ገብቷል፤ እቴጌይቱ እንዳቋቋሙትና በጥር 2007 እሳት እንደጎዳው ተጽፏል። ስንት ሥጋ የማይበላ እንግዳ ሲጠይቀን፣ የጣይቱ የጾም ቡፌ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ቶሞካ ቡና ስምንተኛ ነው። ቆሞ ቡና የሚጠጣበትን ቤት ከእራት ቤት ጋር ማን እንዳወዳደረው እንጃ።

ደረጃውን አጠፋነው። በምትኩ በየቤቱ ስም ፊት የጾም ቀን ምን እንደሚሠሩ፣ በሁዳዴ ይከፍቱ እንደሆነ፣ ክትፎው ከጥሬው ሌላ ለብለብና ብስል እንዳለው ጻፍን። ቦታ የሚያስይዝ ሰው የምግቡን ዓይነት ሳይናገር ስልኩን እንዳይዘጋ፣ በዕለቱም ጠዋት ደግሞ እንዲደውል ተስማማን። አለቃችን መጀመሪያ ሥራ ማብዛት ነው ብሎ ነበር። የቅሬታውን ደብዳቤ ሲያስታውስ ፈረመ።

ከፋሲካ በኋላ ሥጋም ቅቤም የማይበሉ ባልና ሚስት መጡ። ቀኑ ረቡዕ ነው። አዲሱ ልጃችን ኮራ ብሎ «ረቡዕ ስለሆነ የጾም አይጠፋም» አለ። ጋሼ ሳቀ።

«በዓለ ሃምሳ ነው እኮ ልጄ። ማን ይጾማል?»

ልጁ በጠዋቱ ስልክ ጀመረ። አንዱ ጋ ጥብስ ብቻ ነው አሉት፣ ሌላው ጋ ሽሮው ቅቤ ገብቶበታል። እኛ ገና ጣይቱ ቡፌ እንውሰዳቸው እያልን ስንመካከር፣ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ወጥተው ፓስታ በቲማቲም በልተው ተመለሱ።