ግራጫዋ ቁራጭ

ሰሞኑን ሥራዬ የመጠይቅ መልሶችን በስዕል ማሳየት ሆኗል። ትምህርት፣ ፆታና የፖለቲካ አመለካከት፤ ሦስቱም በአንድ ስዕል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ልምምዱን የጀመርኩት በአሜሪካኖቹ አጠቃላይ ማኅበራዊ ዳሰሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚሰበሰብ ዳታ ነው። የፖለቲካ አመለካከት እዚያ 7 ደረጃ አለው፤ ከ«እጅግ ሊበራል» እስከ «እጅግ ወግ አጥባቂ»። ይህን ይዞ እኛ ወደምንጠይቅበት ወሎ፣ ኩታበር ወይም ወረኢሉ መውረድ አይታሰብም። የኛ መጠይቅ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ለመሪነት ወንድ ይሻላል ወይስ ሴትም እኩል ዕድል ይገባታል?

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የትምህርትና የፆታ ቡድን አንድ ዓምድ ሰጥቼ፣ ሁሉም ዓምድ እስከ 100 በመቶ የሚሞላበትን የተለመደውን ስዕል ሠራሁ። ሪፖርት ላይ ያምራል። ግን ኮሌጅ የደረሱት የገጠር ሴቶች ጥቂት ሆነው ሳለ ዓምዳቸው ትምህርት ቤት ካልገቡት እኩል ወፍሮ ይቆማል። ስለዚህ ወደ ሞዛይክ ዞርኩ። ሃርቲጋንና ክላይነር የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት ነው። የዓምዱ ስፋት የሰዉን ብዛት ያሳያል፤ ዓምዱ ውስጥ ያሉት ቁራጮች ደግሞ የመልሱን ድርሻ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 48 በመቶው መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም። ከወንዶቹ 28 በመቶው። እንዲህ ያለው ልዩነት በሞዛይክ ላይ አንድም መልስ ሳይነበብ ከስፋቱ ብቻ ይታያል።

ነገሩ የከበደኝ ግን ግራጫዋ ላይ ነው። «አላውቅም» እና «መልስ አልሰጥም» ያሉትን ግራጫ ቀብቻቸዋለሁ። ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ፣ ከተማሩት ይልቅ ባልተማሩት ዓምድ ላይ ትሰፋለች። የሥራ ባልደረባዬ አይቶ «ኧረ አውጪያት፣ ስዕሉን አበላሸችው» አለኝ።

እኔ ግን መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ቡናው ቀርቧል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ አባወራው መደቡ ላይ ተቀምጧል። እናትየውን ስለ ምርጫ ስጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እሱን ጠይቂው» ይላሉ። እሱ ከብት ሊመልስ ሲወጣ ግን ስለ ቀበሌው ሹመኛ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ምርጫው ያወርዱታል። ቅጹ ላይ «አላውቅም» ተሞልቷል። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ «አላውቅም» ብሎ ማለፍን ማን ይጠላል? ጠያቂው ወንድ ከሆነማ አይነሳ። ግራጫዋን ቁራጭ ካወጣኋት የቀረው መቶኛ የሚናገረው ስለ ደፋሮቹ ብቻ ነው።

«ያልተማረ» የሚለውም ሳጥን አይዋጥልኝም። ወሎ የቁርኣን ሊቃውንት አገር ነው። አማርኛ መንዙማ በዓረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዓጀሚ፣ የሚጽፉና የሚያነቡ ሼኾች ያሉበት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚሁ ነው። ዳዊት የደገመም ኪታብ የቀራም ሰው በኛ ቅጽ «ትምህርት የለውም» ተብሎ ይገባል። በሚቀጥለው መጠይቅ የሃይማኖት ትምህርት ለብቻው ረድፍ እንዲኖረው ጽፌያለሁ።

ቀለሙም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብትቀቢ ሰው ቁጥሩን ትቶ ባንዲራ ያነባል፤ ከዚያ የየትኛው ባንዲራ ነው ክርክር ይመጣል። ሐምራዊና ብርቱካናማ አድርጌ ተገላገልኩ።

ዕድሜም አለ። እዚህ የተማሩት በአብዛኛው ወጣቶቹ ናቸው። ስለዚህ የተማረችው ሴት «እኩል ዕድል ይገባታል» ስትል መልሱ የትምህርት ይሁን የዕድሜ ከአንድ ስዕል አይታወቅም። ከ35 በላይና በታች ብዬ ሁለት ስዕል ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የአዋቂዎቹ ላይ የተማሩት ሴቶች ዓምድ እንደ ክር ቀጠነ። ከእንደዚያ ዓይነት ዓምድ ምንም ድምዳሜ አላወጣም፤ ማንም እንዲያወጣ አልፈልግም።

አለቃዬ ያለ ግራጫ ይሁን ብሏል። ሁለቱንም እልክለታለሁ። ግራጫ የሌለበት ሥር ግን ስንት ሰው እንደወጣ፣ ስንቱ ሴት እንደሆነ በቁጥር ተጽፏል። ያንን ጽሑፍ ማጥፋት ካሻው ራሱ ያጥፋው።