ጉንፋን ያልሆነው ጉንፋን

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ በደወሉ ቁጥር "እናንተማ ምን አለባችሁ፣ ንጹህ አየር ነው የምትተነፍሱት" ይሉኛል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ማሳ መሀል ለቆመ ሰው እውነት ነው። እኔ ግን የምኖረው አስፋልት ዳር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያሻግረው መንገድ ከተማችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ የአባይን በረሃ እያቃሰተ የወጣ ሲኖትራክ፣ አሮጌ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ፣ በየመሀሉ ደግሞ ባጃጅ። ደጀንም ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ያው ናቸው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ጉሊት የሚቸረችሩ እናት አሉ። ጠዋት ቲማቲማቸውን ከመደርደራቸው በፊት አቧራው እንዳይነሳ በጆግ ውሃ ያርከፈክፋሉ። ረፋድ ላይ ደርቆ ያው ይሆናል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ይውላሉ፤ ማታ ሲፈቱት አፋቸው ያረፈበት ቦታ አመድማ ክብ ሠርቶ ይታያል። ያስላሉ። "ሐኪም ቤት ለምን አይሄዱም?" ስላቸው "ጉንፋን ነው ልጄ፣ ዳማከሴ ጨምቄ በቡና ጠጥቻለሁ" አሉኝ። ኅዳር ገብቶ ሰኔ የሚወጣ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው?

ነጠላው ላይ የቀረው ደግሞ ትልቁ ብናኝ ነው። እሱን አፍንጫም ይይዘዋል፣ በአክታም ይወጣል። ክፉው ከናፍጣ ጭስ፣ ከማገዶና ከቆሻሻ ቃጠሎ የሚወጣው ነው። መጠኑ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ስለሆነ በዓይን አይታይም፣ ነጠላም አያግደውም፣ ሳንባ ድረስ ወርዶ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ብዙዎቻችን አየር ሲበከል የሚጎዳው ሳንባ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ውጭ ባለው የተበከለ አየር ምክንያት ከሚሞቱት ውስጥ የሚበዙት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው የሚሄዱት። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጡንም የውጩንም ደምሮ በዓመት 7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለጊዜው ይሞታል ይላል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም ወደ 5 ዝቅ ያደረገው በትንሹም ቢሆን ጉዳት እንዳለው ስለታየ ነው።

በጋ ላይ ጠዋት በጊዜ ወጥታችሁ ከተማውን ከፍ ካለ ቦታ እዩት። ጭሱ ጣሪያ ላይ ተኝቷል። ሌሊቱን መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ባለው ሞቃት አየር ይታፈናል፣ ፀሐይ እስክትበረታ ጭሱ መውጫ የለውም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

የኅዳር ሲታጠን ነገርማ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲጨርስ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ተቃጠለ፤ ይኸው እስከዛሬ ኅዳር 12 ሲመጣ እናጥናለን። ልማዱን አልነካም። ጽዳቱ ደግ ነው። ግን የያኔው ቆሻሻ ቅጠልና ገለባ ነበር፣ የአሁኑ ፌስታል፣ የውሃ ላስቲክና አሮጌ ጫማ ነው፤ ፌስታል ሲቃጠል የሚወጣው መርዝ ነው። ደግሞስ በዓመት አንዴ ቢሆን ምን ነበረበት፣ እኛ ሰፈር በየማታው ነው የሚታጠነው! ጠርገን፣ ሰብስበን፣ ደጃችን ላይ ክብሪት እንጭራለን፣ ከዚያ ጭሱ እንዳይገባ በር እንዘጋለን። ጎረቤት የት ይግባ? የመኪናውን ጭስ ለማስቀረት ብዙ ብር ይፈልጋል፣ ይህኛው ግን ዛሬ ማታ ሊቀር ይችላል።

ከሰል "ጭስ የለውም" ተብሎ ክፍል ውስጥ ማስገባትም አለ። አዊ ዞን ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፣ ለእኛም ለአዲስ አበባም ይደርሳል፣ ኑሮውም በእሱ ነው፤ ጠላሁት ማለት አልችልም። ግን ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ብርድ ነው ብሎ ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። ቡናው ደጅ ይፈላ፣ ካልሆነም መስኮት ይከፈት።

ሌላው መናኸሪያ ነው። ረዳቱ ሰው እየጠራ ሚኒባሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል፣ የጭስ ማውጫው ልክ በቆሎ እሸት በምትጠብሰው ልጅ ፊት ላይ ነው። ባለፈው አንዱን ሹፌር "ወንድሜ፣ እስኪሞላ ብታጠፋውስ?" አልኩት። ገልመጥ አድርጎ አየኝ። "ሞተር ማስነሻው ተበላሽቷል። አንተ ከኋላ የምትገፋልኝ ከሆነ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"