ማንም ያልላከው መርዶ

መስከረም 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ሰዎች ተጨናንቃ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆነዋል። ያረፍንበት ትምህርት ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ስድስት ሰባት ቤተሰብ ይተኛል፤ ሰሌዳው ላይ ያለፈው ዓመት የሒሳብ ትምህርት እንደተጻፈ ነው። እኛ አምስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ለአራት ቀን በበጎ ፈቃድ ሄድን። የላከን ማኅበር ጀርባው ላይ «የሥነ ልቦና ድጋፍ» የሚል የተጻፈበት ሰደርያ አልብሶናል። ያን ሰደርያ ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ። ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ የታየች ሴት ማታ ጎረቤቶቿ «አእምሮዋን ነክቷት ነው እንዴ?» እንደሚሏት ማን አሰበ?

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ አሥራ ሁለት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቤ በክብ አስቀመጥኳቸው። በሥልጠና የተማርኩት እንዲህ ነበር፦ ሁሉም በየተራ ያየውን ይናገር፣ ከዚያ የተሰማውን ይናገር፣ የታመቀው ሲወጣ ይቀልለዋል። በእጄ የምዝገባ ቅጽ ይዣለሁ። ልጅ ያዘለች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ተራዋ ሲደርስ ቅጹን አየሁ፤ «ባሏን ያጣች» ይላል።

«እህቴ፣ ባለቤትሽን ያጣሽው እንዴት ነበር?» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ደረቷን እየመታች ጮኸች። ከጎኗ ያለችው ሕፃኑን ከጀርባዋ ነጠቀች። ለቅሶ ደግሞ አንዷ ከጀመረችው የሁሉም ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ተናወጠ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው እጃቸውን አንሥተው ዝም ያሰኙት። ወደ እኔ ዞረው፣

«ልጄ፣ መርዶ ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

«ታዲያ የማታውቂውን ለምን አረዳሻት?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ሴትየዋ ወልዲያ በነሐሴ ስትያዝ ልጇን አዝላ ወጥታለች፤ ባሏ አቅመ ደካማ አባቱን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ስልክ ተቋርጧል። ለመዝጋቢው «አጣሁት» ያለችው ላገኘው አልቻልኩም ለማለት ነው። መዝጋቢው እንደሞተ አድርጎ ጻፈው፤ እኔም ማንበብ የምችል የተማርኩ ሰው ነኝና አነበብኩላት!

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ወሬው ይጣራል፤ ዘመድ ይመክራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል። ሌሊት ላይ የሚነገረው ቀኑን ሙሉ ሰው አብሯት እንዲውል ነው። የሚደግፍ ክንድ፣ የሚቀመስ ውኃ ሳይቀር ይታሰብበታል። እኔ ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ያልተጣራ መርዶ ከቅጽ ላይ አንብቤ አረዳሁ። ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሁት እውቀት እናቴ ከምታውቀው ያነሰበት ቀን ነው።

የሚያሳፍረው ደግሞ ስሕተቱ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። የተጠቀምኩበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 ጄፍሪ ሚቸል የተባሉ አሜሪካዊ ለእሳት አደጋና ለነፍስ አድን ሠራተኞች ያስተዋወቁት ነው፤ ከአንድ ሥራ አብረው ለተመለሱና ለሚተዋወቁ ሰዎች ማለት ነው። ቆይቶ ጥናቶቹ ሲገመገሙ በአንድ ጊዜ ስብሰባ ሰውን ማናገር በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም ሊያባብስበት እንደሚችል ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የሚለው ሦስት ነገር ነው፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ማናገር የሚል የለበትም። መመሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰደርያውን አወለቅሁ። አሮጊቷ ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱን አቀራርቤ ተቀመጥኩ፤ ማንንም አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ሴቶቹ ራሳቸው የሚፈልጉትን ነገሩኝ፤ ለሕፃን ወተት፣ ሌሊት መጸዳጃ ቤት የሚያደርስ መብራት፣ የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልግ ሰው። ስማቸውን እየፈቀዱ አስመዝግበን የተለያየ ቤተሰብ ከሚያገናኘው የቀይ መስቀል አገልግሎት ጋር አገናኘናቸው። ያቺ ሴት ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ልክ ናት። በአራተኛው ቀን ሕፃኑን አስያዘችኝና ልብስ ልታጥብ ሄደች።

አስተባባሪያችን ማታ ማታ «ስንት ሰው አከማችሁ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በእኔ በኩል ዜሮ ነው። ምሽቴን ያሳለፍኩት ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ነው፤ ለሳምንታት በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አልተኛችም፤ እሷን «እንዴት ነሽ?» ያላት ሰው አልነበረም። እኛ በአራት ቀን እንሄዳለን፣ እሷ ትቀራለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በየማክሰኞ ማታ እደውልላት ጀመር። አሁን ለበጎ ፈቃድ ልሂድ የሚለኝን ባልደረባ ሁሉ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ የጠራህ ማን ነው? ከተመለስክ በኋላስ የምትደውለው ለማን ነው?

በጥቅምት መጨረሻ ደሴም ተያዘች፤ ስልኳ ዝም አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ እሞክራለሁ፣ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ያቺን የደሴዋን ልጅ አጣሻት?» አለኝ።

«አላገኘኋትም» አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ራሷ ደወለች። አፌ ላይ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ዋጥኩና «ምሳ በላሽ?» አልኳት። ከጤና ጣቢያው ስለተዘረፈው የክትባት ማቀዝቀዣ አርባ ደቂቃ ነገረችኝ።