ደረቅ እንጨት ፍለጋ ሱሉልታ

ጠዋት ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ። ዳገቱን እንደጨረስን ብርዱ ተቀበለን። በግራም በቀኝም ባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ ማገዶ ቢቸግራቸው ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ይህ ዛፍ ነው አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት።

የሄድኩት ለመደርደሪያ የሚሆን ጣውላ ፍለጋ ነው። አምና ከሌላ ቦታ የገዛሁት በሦስት ወሩ ተጣመመና ተፈልጦ ምድጃ ገባ። ያኔ ያናደደኝ ብሬ ብቻ ነበር። ግን 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከአየር የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 180 ኪሎ ያህል ነው። መደርደሪያው 30 ዓመት ቢቆም ያ ሁሉ እዚያው ታስሮ ይቆይ ነበር።

መንገድ ዳር ካለ እንጨት መሰንጠቂያ ወረድኩ። አዲስ የተሰነጠቀውን ጣውላ ስነካው መዳፌ ረጠበ። ሽታው ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ነው።

«ጋሼ፣ ደረቅ የለም?»

«ከየት ይምጣ ልጄ! ጥላ ሥር ወራት መቆየት አለበት። እስከዚያ ብሩ ታስሮ ይቀመጣል፤ የግንዱን ዕዳ ማን ይክፈልልኝ? ደግሞ ሰው ስንት ሜትር ነው ይላል እንጂ ደርቋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ነው። ስለዚህ አይሱዙው ናፍጣ እያቃጠለ ከተማ ድረስ ውኃ ያመላልሳል። ወረቀት ፋብሪካም ችግሩ ይኸው ውኃ ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከግድብ ስለሆነ የፋብሪካው ጭስ የሚመጣው ለማድረቂያው እንፋሎት ከሚነደው ነዳጅ ነው። እርጥቡን ወረቀት በሮለር አጥብቆ መጭመቅ ውኃውን በእሳት ከማትነን በጣም ይረክሳል። ልብስ ሳይጨመቅ አይሰጣም፤ እንደዚያው ነው።

ከጓሮ የሰጋቱራ ክምር አለ። ከላይ ደረቅ፣ እጄን ስከተው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ። ጥቂቱን ዶሮ አርቢዎች ይወስዱታል፤ የቀረው ይበሰብሳል። አየር ያጣው ውስጠኛው ክፍል ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። እናቴ ሰጋቱራ በጣሳ ውስጥ ትጠቀጥቅ ነበር። መሃሉ ላይ ጠርሙስ ታቆምና ቀስ ብላ ትመዘዋለች፤ በቀዳዳው እሳት ይገባል። አንድ ጣሳ ወጥ ያበስላል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት ለመቀነስ የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚህ ይምጣ። አንድ ጣሪያና እንጨቱ እስኪደርቅ የሚታገሥ ብድር ይበቃል። የሰውየው ችግር እውቀት አይደለም፤ እንጨት እንዴት እንደሚደርቅ ከኔ በላይ ያውቃል።

ሙሉውን ዋጋ ከፈልኩና ጣውላውን እዚያው ተውኩት። በየመሃሉ ቀጫጭን ቁራጭ እየከተተ ጥላ ሥር ደረደረው። ከዚያ ከሰል አንሥቶ ስሜን ጻፈበት።

«ለፋሲካ ና» አለኝ።