በሐይቅ ዳር፣ ከድሮ ካርታ ጋር

የያዝኳቸው ካርታዎች ከአጎቴ የወረስኳቸው ናቸው፤ ባለ 1፡50,000፣ እጥፋታቸው የሳሳ፣ እርስ በርስ በፕላስተር የተያያዙ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ የየጎፍን ደን በመስኮት እያየሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁት። ካርታው ደንን በአረንጓዴ ይቀባል፤ ጥድና ወይራ ይሁን ባሕር ዛፍ ግን አይናገርም። ያንን ለማወቅ ዓይን ያስፈልጋል።

ከፍታን ሲናገር ግን አቻ የለውም። ቡናማዎቹ መስመሮች በየ20 ሜትሩ ይወጣሉ። «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅና ከበላዩ ባለው በሐርዲቦ ሐይቅ መካከል ያሉትን ቆጠርኩ፤ ከአሥር በለጡ። የላይኛውን ውሃ ለታችኛው የሚያቀብለው የአንካርካ ወንዝ ያን ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግሬ ገባሁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑትን ይህን ገዳም ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ ሲያየው ደሴት ነበር። ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተገናኘ።

ዳር ላይ ቆሜ ስልኬ የሰጠኝን መጋጠሚያ፣ የቆምኩበትን ቦታ የሚጠቁሙትን ቁጥሮች፣ ካርታው ላይ ሳሰፍር ነጥቡ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን የተባለውን የልኬት መነሻ ይከተላሉ፣ ስልኩ ሌላ፤ እኛ አገር ልዩነታቸው 200 ሜትር ያህል ነው፣ በወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር። ለመነሻው ስሟን የሰጠችው አዲንዳን የግብፅ ኑቢያ መንደር ነበረች፤ የአስዋን ታላቁ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ዋጣት። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የመጡ አዛውንት ጠጋ አሉ።

«መሬት ልትለኩ ነው?» አሉኝ በሥጋት።

«አይደለም አባባ፤ ሐይቁ ድሮ የት ድረስ እንደነበር ላይ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ አብሽር፤ እኔ አሳይሃለሁ።» በዱላቸው ከማሳው ወዲያ ያለች ዋርካ አመለከቱኝ። «ልጅ ሳለሁ ውሃው እግሯን ይነካ ነበር።»

ከውሃው ጠርዝ እስከ ዋርካዋ አብረን ሄድን። እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ 70 ሆነ፣ 50 ሜትር ግድም። ካርታው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የእርሳሴ ጫፍ ሰፍቶ አላስገባ አለኝ። አዛውንቱ ቢላዋቸውን አውጥተው ቀረጹልኝ፤ መስመሯን አሰመርኩ፣ ዓመቱንም ጠርዙ ላይ ጻፍኩ።