ከልብ ለሚነሣ ስትሮክ የትኛው የደም ምርመራ ይቅደም?

ከጣና ዙሪያ ወረዳዎች ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ባሕር ዳር ከሚመጡ የስትሮክ ታካሚዎች መካከል የሕመማቸው መነሻ ልባቸው የሆነ ጥቂት አይደሉም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የልብ ምት መዛባት ጊዜ የልብ ላይኛው ክፍል በሥርዓት መጨመቅ ስለሚያቆም፣ ደም በግራ በኩል ባለው ትንሽ ኪስ ውስጥ ተኝቶ ይረጋል፤ ከዚያ የተላቀቀው የረጋ ደም ወደ አንጎል ወጥቶ የደም ሥር ይዘጋል። እንዲህ ያለው ስትሮክ ብዙ ጊዜ ከባድ ነው፤ መከላከያ ካልተወሰደም ይደገማል። አስታማሚዎችም ደጋግመው፣ «ዶክተር፣ እናቴን ዳግመኛ ይመታቸው እንደሆነ ከደማቸው አይታወቅም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል።

በከፊል ይታወቃል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የልብ ግድግዳ ሲወጠር፣ ትሮፖኒን ደግሞ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ ይጨምራሉ። ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር ስባሪ ነው፤ ሆኖም በሳንባ ምች፣ በእርግዝና፣ በካንሰርና ከቀዶ ሕክምና በኋላም ስለሚጨምር ብቻውን ብዙ አያስተማምንም። የስዊድኑ ኡፕሳላ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ኤቢሲ በተባለው መመዘኛ የስትሮክ ሥጋትን የገመቱት በዕድሜ፣ ቀደም ሲል በደረሰ ስትሮክ፣ በኤንቲ-ፕሮቢኤንፒና በትሮፖኒን ብቻ ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ከዝርዝሩ ወጥተው እንኳ ግምቱ እነርሱን ከሚቆጥረው ከቀድሞው የነጥብ አሰጣጥ የተሻለ መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስደንቆኛል።

ይሁን እንጂ ሥጋትን መገመት መቻል ሥጋቱን ለመቀነስ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታተመው አርኬዲያ የተባለ ጥናት፣ የስትሮካቸው ምክንያት ያልታወቀ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንም ያልተገኘባቸው፣ ግን በኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ፣ በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ወይም በልብ አልትራሳውንድ የላይኛው የልብ ክፍል መታመም የታየባቸውን 1015 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን አፒክሳባን የተባለ የደም ማቅጠኛ፣ ለሌላው አስፕሪን ሰጠ። ለኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የተያዘው መነሻ በሚሊ ሊትር 250 ፒኮ ግራም ነበር። በሁለቱም ወገን ስትሮክ የተደገመው በዓመት 4.4 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከፍ ስላለ ብቻ የደም ማቅጠኛ እንዲታዘዝ የሚጠይቁ ቤተሰቦችን እሺ አልላቸውም።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ኤቢሲ የተሠራበት ሰፊ መረጃ የተገኘው ሚትራል ቫልቫቸው (በግራ በኩል ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው ደም የሚያሳልፈው በር) ክፉኛ የጠበበ ታካሚዎች እንዳይገቡበት ተደርጎ ከተካሄደ ጥናት ነው። እኛ ዘንድ ግን በልጅነት ከያዘ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና አልጠፋም፤ ስትሮክ የሚመታቸውም አንዳንዶቹ ገና ወጣት እናቶች ናቸው። ቫልቩ ሲጠብ የልቡ ላይኛ ክፍል ሁልጊዜ ስለሚወጠር ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒም አብሮ ከፍ ይላል። ለሌሎች የወጣውን መመዘኛ ለእነርሱ እንዳለ መጠቀም ትክክል አይመስለኝም፤ መጠነኛም ይሁን ከባድ የቫልቭ ጥበት ከኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጋር ከተገኘ፣ ነጥብ ሳይቆጠር ደም ማቅጠኛ ይታዘዛልና።

ለእነዚህ ታካሚዎች ከሁሉ የሚቀድመው ቁጥር አይኤንአር፣ ማለትም ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና ከ4500 በላይ የሩማቲክ ታካሚዎችን የያዘው ኢንቪክተስ ጥናት፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹ የቆዩ የደም ማቅጠኛዎች ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ ሞትን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ሲወርድ ደሙ ወደ መርጋት ያዘነብላል፣ ሲያልፍ ደግሞ መድማት ያሰጋል። ቁጥሩን ከሚያናውጡት አንዱ ምግብ ነው። በሁዳዴ የጎመን ወጥ ከማዕድ በማይጠፋበት ቤት፣ ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ የሚቃወመውን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስለያዘ፣ አይኤንአሩ ሊወርድ ይችላል። ጎመን አትብሉ አልልም፤ መጠኑን በአንድ ጊዜ አትለውጡ፣ ጾሙ ሲገባና ሲፈታም ተመርመሩ እላለሁ። ክኒኑ በቀን አንዴ፣ ማታ ሊወሰድ ስለሚችል መጾም መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

ለላቦራቶሪ ገንዘብ ቢገኝና ምረጥ ብባል፣ ከኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ በፊት ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም አይኤንአርን የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ ለሐይቁ ዳር ጤና ጣቢያዎች እገዛ ነበር። ከደሴት በጀልባ የምትመጣ እናት ለአንድ ቁጥር ብላ ሙሉ ቀን ማጥፋት ካለባት፣ ቀጠሮዋን መዝለል የምትጀምረው ወዲያው ነው።